ለሁለት ወር ተብሎ የገባው ሽቦ

የዚያ ዓመት ሙቀት እስከ ዛሬ ቆዳዬ ላይ አለ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ በጋ አሳልፌአለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አላየሁም። ጠዋት ገና ከአልጋ ሳትወርዱ ድካም ይቀበላችኋል። ግድግዳው ይሞቃል፣ ትራሱ ይሞቃል፣ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ራሱ ለብ ያለ ነው። ሰው አፉን መክፈት ሰልችቶት በአገጩ ነበር ሰላምታ የሚሰጠው። ሳሙና የምጠቀልልበት ወረቀት ከላቤ ጋር እየተጣበቀ አልላቀቅ ይለኝ ነበር፤ አንዱን ለመጠቅለል የሁለቱን ጊዜ እፈጃለሁ።

የምንሠራው አንዲት ትንሽ ሳሙና ማምረቻ ውስጥ ነበር፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ። ቤቱ ረጅም ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቶቹ ከፍ ብለው የተሰቀሉ ጠባብ ቀዳዳዎች። በአንደኛው ጫፍ ሞራና ዘይት የሚፈላበት ትልቅ በርሜል አለ፤ እሱ የወንድሜ ቦታ ነው። መሃል ላይ የረጋውን ሳሙና በቀጭን ሽቦ የሚከፋፍለው ቆራጩ ይቆማል። በሩ አጠገብ እኛ ሴቶች ተቀምጠን እንጠቀልላለን፣ እናማለን፣ እንስቃለን።

ወንድሜን ሰው ሁሉ «ምላስ» ነበር የሚለው። ሳሙና ሲበስል ኮስቲክ ሶዳው ከሞራው ጋር ተዋህዶ ማለቁን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ካላለቀ ሳሙናው የሰው ቆዳ ይልጣል። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ለዚህ መሣሪያ አላቸው አሉ። የእኛ መሣሪያ ወንድሜ ነበር። ከማማሰያው ጫፍ በጥፍሩ ቆንጥሮ፣ እፍ እፍ ብሎ ያበርድና በምላሱ ጫፍ ነካ ያደርገዋል። «ገና ይናከሳል» ካለ ማማሰሉ ይቀጥላል። «በቃ፣ ጨዋ ሆኗል» ካለ ወደ ሳጥኑ ይገለበጣል። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አልተሳሳተም። ወሬውም ቢሆን ለስሙ የሚመጥን ነበር፤ ቆራጩን ካላበሸቀው ቀኑ አይመሽለትም።

እናታችን ስትሞት እሱ ሰባት ዓመቱ፣ እኔ አሥራ ስድስት ነበርኩ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቆምኩት ያኔ ነው። አላማርርም፤ መጻፍ እችላለሁ፣ ይኸው እጽፋለሁ። እሱን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ሲበላ አያላምጥም ነበር። «ቀስ በል እንጂ፣ ማን ይቀማሃል?» ስለው «ሆዴ ጥርስ አለው፣ እዚያ ይላመጣል» ይለኛል። አድጎም አልተወውም። ሚስት አገባ፣ ሴት ልጅ ወለደ፤ ልጅቷ አራት ዓመት ሳይሞላት ሚስቱ ጥላው ሄደች። የት እንደሄደች እኛም አልጠየቅናት፣ እሷም አልነገረችን። ከዚያ ወዲህ ሦስታችን በአንድ ጣሪያ ሥር ኖርን፤ ልጅቷ እኔን «አክስቴ» እያለች እንደ እናት፣ አባቷን ደግሞ እንደ ታላቅ ወንድም ነበር የምታየው።

በማምረቻው ቤት አንድ ጥፋት ነበረብን። በውሃ የተበጠበጠውን ኮስቲክ የምንይዘው የመጠጥ ውሃ በምንይዝበት ዓይነት ጠርሙስ ነበር። ጥፋት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ሌላ ዕቃ አልተገዛም። ስለዚህ ወንድሜ ራሱ ሕግ አወጣ፦ ኮስቲክ ያለበት ጠርሙስ አንገቱ ላይ ጨርቅ ይታሰራል። ጨርቅ ያየ ሰው እጁን ይሰበስባል። ለዓመታት በዚህ ኖርን፤ አንድም ሰው አልተጎዳም።

በዚያ ሙቀት እኔ ደግሞ የራሴን ብልሃት አመጣሁ። ከበርሜሉ ሥር እሳት፣ ከላይ የቆርቆሮው ግለት፣ ወንድሜ በመሃል ይጠበሳል። አሳዘነኝ። ከቤት በጠርሙስ ውሃ እያመጣሁ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ነፋስ የሚነካው መስኮት ሥር አስቀምጥለት ጀመር። ጨርቁ እየደረቀ ሲሄድ ውሃው ይቀዘቅዛል። አሥራ ሁለት ቀን እንዲህ አደረግኩ። በአሥራ ሁለት ቀን የሰው እጅ አዲስ ነገር ይለምዳል። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጥርሴን አሞኝ ከቤት ቀረሁ።

የሆነውን የነገረኝ ቆራጩ ነው። ወንድሜ አንድ እጁን ከማማሰያው ሳያነሳ፣ ዓይኑን ከበርሜሉ ሳያነሳ፣ ሌላውን እጁን ዘርግቶ ጨርቅ ያለበትን ጠርሙስ ያዘ። ጨርቁ እርጥብ ነበር፤ የኮስቲኩ ጠርሙስ ገና ታጥቦ መሞላቱ ነው። እንደ ልማዱ ሳያጣጥም ገለበጠው። ያ ምላስ፣ አንዲት ነቁጥ ኮስቲክ ከአንድ በርሜል ሞራ ለይቶ የሚያውቅ ምላስ፣ ውሃ ነው ብሎ ስላመነ ምንም አልጠየቀም። ሁለት ጉንጭ ወረደ።

አጠገቡ የነበሩት ደግሞ አዋቂ መስሏቸው እንዲያስመልሰው ጣት ከተቱበት። ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስም አቃጠለው።

ሕግ ያወጣው እሱ፣ ሕጉን ያፈረስኩት እኔ። ማንም እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም፤ እሱማ ከሁሉም በላይ አላለኝም። እኔ ግን ለራሴ የነገርኩትን ሌላ ሰው እስኪነግረኝ አልጠበቅሁም።

አራት ወር በሆዱ በኩል በገባ ቀጭን ቱቦ ተመገበ። ቁስሉ ዳነ። ጉዱ የመጣው ከዳነ በኋላ ነው። ከአፍ እስከ ሆድ የሚወርደው የምግብ ቧንቧ ጠባሳ ሠርቶ እየጠበበ ሄደ። መጀመሪያ ዳቦ እምቢ አለው፣ ከዚያ ሩዝ፣ ከዚያ ድንች ከውሃ ጋር ካልደቀቀ በቀር። አንድ ቀን የራሱን ምራቅ መዋጥ አቅቶት በመሐረብ ሲቀበል አየሁትና ወደ ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ሆስፒታል ተመላለስን። በካሜራ አይተው፣ ሥጋ ቆርጠው መርምረው «ካንሰር አይደለም» አሉን። ጎረቤቱ ሁሉ «ተመስገን!» እያለ መጣ፤ እየሳመን ሄደ፤ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ክፉ በሽታ ቢሆን ኖሮ ቤታችን በጠያቂ ይሞላ ነበር። ወንድሜ ይህን አይቶ «እትዬ፣ ክፉ አለመሆኑ ነው ክፋቱ» አለኝ። «ክፉው ቶሎ ይገላግላል። ይሄኛው ጨዋ ነው፣ አብሮኝ ሊያረጅ ነው የመጣው።»

በየሁለት ሳምንቱ፣ በየሦስት ሳምንቱ ይሰፋለታል። በባዶ ሆድ ጎህ ሳይቀድ እንነሳለን፤ ሁለት አውቶቡስ እንቀያይራለን። የተመላላሽ ክፍሉ ግድግዳ እስከ ወገቡ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነው፤ አግዳሚው የሰው ጀርባ እያሸው አንጸባርቋል። ጉሮሮው ላይ ማደንዘዣ ይነፉበታል፤ ፊኛ ያስገቡና ይነፉታል፤ ጠባሳው ትንሽ ይቀደዳል፤ ይሰፋል። አንድ ሳምንት ሾርባና ለስላሳ ዳቦ ይበላል። በሁለተኛው ሳምንት ይጠባል። ከዚያ ያው አግዳሚ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሠላሳ አራት ጊዜ ሄደናል፤ የቆጠርኩት እኔ ነኝ። እሱ መቁጠር የተወው ገና በአምስተኛው ነው።

ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል ዶክተሯ ወንበሯን ወደ እኛ አስጠግታ ተቀመጠች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምጿ ዝቅ ያለ ሴት ናት። ስታስረዳ እስክሪብቶዋን ቀጥ አድርጋ ትይዝና በሌላው እጇ ጣቶች ዙሪያውን ትከበዋለች።

«እስካሁን የሠራነው ማስፋት ብቻ ነው» አለች። «እናሰፋዋለን፣ ይጠባል። አሁን ስቴንት የሚባል ነገር ልንሞክር አስበናል። በሽቦ የተሠራ፣ በስስ ላስቲክ የተሸፈነ ቱቦ ነው። የጠበበው ቦታ ላይ ይቀመጥና ከውስጥ ገፍቶ ይይዘዋል።»

«እዚያው ይቀራል?» አልኳት።

«አይ፣ እማማ። ለሁለት ወር ነው። በስምንተኛው ሳምንት እናወጣዋለን። እስከዚያ ጠባሳው ሰፋ ብሎ ይረጋል ብለን ነው።»

«ከወጣ በኋላስ?»

ወዲያው አልመለሰችም። ያ ዝምታዋ ነው እንዳምናት ያደረገኝ። «የአንዳንዱ ሰው ክፍት ሆኖ ይቀራል። የብዙዎቹ ከጥቂት ወራት በኋላ ይመለሳል። ወንድምዎ ከየትኞቹ እንደሚሆኑ አሁን ማወቅ አይቻልም።»

«ግማሽ በግማሽ ነው በሉኛ፣ ዶክተር» አላት ወንድሜ።

«ከግማሽ ያነሰ ነው።»

«እኔ ከግማሽ በላይ ዕድል ተሰጥቶኝ አያውቅም። ያስገቡት።»

አግዳሚው ላይ የሚያውቁን ሰዎች እያንዳንዳቸው ምክር ነበራቸው። አንዲት ሴትዮ የባሏ ሽቦ በሦስተኛው ሳምንት ሸርተት ብሎ ሆዱ ውስጥ መውረዱን ነገረችን። «ታዲያ ምን ሆነ?» አልናት። «ምን ይሆናል፣ በካሜራ አወጡለት፤ ሌላ አስገቡ፤ እሱም ወረደ። ባሌ ድሮም የያዘው ነገር አይበረክትለትም» አለች። ሳቅን። ያኔ ገና እንስቅ ነበር።

ሽቦው ገባ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደረቱን ይዞ ተቀምጦ ነው ያሳለፈው። «ውስጤ ሰው በርጩማ አስገብቶ የተቀመጠበት ይመስለኛል» ይላል። ጋደም ሲል የሆዱ አሲድ ሽቅብ ይመጣበታል፤ ስለዚህ የአልጋውን ራስጌ በሁለት ብሎኬት ከፍ አደረግነው። እንቅልፍ ሲወስደው ወደ ግርጌ ይንሸራተታል፤ ጠዋት ላይ እግሩ በአልጋው ብረት መሃል ወጥቶ አገኘዋለሁ።

በአሥረኛው ቀን ግን ለስላሳ ዳቦ ቆረሰ። አላመጠ፤ ዕድሜውን በሙሉ ያላላመጠውን ሁሉ ያን ጊዜ አላመጠው። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠ። እኔ ቆሜአለሁ፤ እጄ የወንበሩን ጀርባ ይዟል። ምንም አልተመለሰም፤ አልሳለም፤ ደረቱን አልያዘም። ዓይኑን ገለጠና እንደ ሕፃን ልጅ አየኝ።

«ወረደ እኮ!» አለኝ።

«ወረደ?»

«ወረደ! እስከ ታች ድረስ ሰምቼዋለሁ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ምን ያልበላው ነገር አለ። በደንብ የተቀቀለ ሥጋ እየከተፍኩ እሰጠዋለሁ፤ እንቁላል፣ ድንች፣ ሩዝ፤ ከእያንዳንዱ ጉርሻ በኋላ አንድ ጉንጭ ውሃ። ጉንጩ ሞላ። ሱሪውን በገመድ ያስር የነበረው ሰውዬ ቀበቶ ፈለገ። ወደ በርሜሉም ተመለሰ። ቆራጩ በር ላይ ጠበቀው።

«እስቲ አፍህን ክፈት።»

«ምን ልታይ?»

«ሽቦዬ ጠፍቶብኛል። ሳሙና የምቆርጥበት። አንተ ነህ አሉ የዋጥከው።»

«ውጬውስ ቢሆን፤ ካንተ እጅ የእኔ ሆድ ይሻለዋል፤ ቢያንስ ቀጥ ብሎ ይቆርጣል።»

ማምረቻው ቤት በሳቅ ሞላ። ኮስቲኩ ያኔ በቀይ ቀለም በተቀባ የብረት ዕቃ ሆኗል። ጠርሙስ የሚባል ነገር ከቤቱ ጠፍቷል።

የቀጠሮ ካርዱ መስታወቱ ላይ ተሰክቶ ነበር። ስምንተኛው ሳምንት ደረሰ። እሑድ ምሳ ላይ ሁለተኛ ሳህን ጠይቆኝ፣ ሰጥቼው፣ ማንኪያውን ይዞ ቆየ።

«እትዬ፣ ማክሰኞ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ካወጡት ይጠባል።»

«ላይጠብም ይችላል ብላለች።»

«ከግማሽ ያነሰ ነው ያለችው። እኔ ነኝ የሰማኋት፣ አንቺ እስክሪብቶዋን ነበር የምታዪው።» ሩዙን ወዲያና ወዲህ አደረገው። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። በሕይወቴ አንድ ቀን ወደ ኋላ ተመልሰሽ አስተካክዪ ብባል የጨርቁን ቀን አልመርጥም፤ ያን እሑድ ነው የምመርጠው። በጨርቁ ቀን አላወቅኩም ነበር። በዚያ እሑድ ግን ዶክተሯ ያለችውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የማየው ግን ሳህኑን ነው፤ ግማሹ አልቋል። ያንን ሳህን ከፊቱ እንዴት ላንሳ?

«አንድ ሳምንት ይቆይ» አልኩት። «አንድ ሳምንት ምን ያመጣል?»

«እኔም እንደሱ ነው ያሰብኩት» አለና ጎረሰ።

በሚቀጥለው ሳምንት ከሆስፒታሉ ተደወለ። ካርዱ ላይ የተጻፈው የእኔ ስልክ ነው። «ወንድምዎ በቀጠሮው አልመጡም» አለችኝ ሲስተሯ። «ልጁ ዘንድ ሄዷል፤ ሲመለስ ይመጣል» አልኳት። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሥጋ እያላመጠ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ሲደወል «መንገድ ላይ ነው» አልኩ። ሦስተኛውን አላነሳሁትም። ከዚያ አልደወሉም። ካርዱን ከመስታወቱ አንስቼ መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት።

ሽቦው ከገባ አሥራ አንድ ወር ሆነ። ከእነዚያ ውስጥ ስምንቱ ወይም ዘጠኙ የደስታ ወራት ነበሩ፤ ይህን አልክድም። በአሥረኛው ወር ገደማ የዳቦውን ቅርፊት መተው ጀመረ። እኔ አየሁ፤ ዝም አልኩ። ከዚያ ሥጋውን ወደ ዳር ያደርጋል። «ጠግቤ ነው» ይለኛል። ከዚያ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ መብላት ጀመረ። እሱም ደበቀኝ፤ እኔም ማየቴን ደበቅሁት። በአንድ ገበታ ላይ ሁለት ሌቦች ሆነን ተቀመጥን።

የጉዱን ክዳን የከፈተችው ልጃችን ናት። መምህራን ማሠልጠኛ ነበረች፤ ለዕረፍት መጣች። በመጀመሪያው ቁርስ ላይ አባቷ ሲስል አየች፤ ዳቦው ሻይ ውስጥ ሲሟሟ አየች።

«አባዬ፣ ሽቦው የወጣው መቼ ነው?»

ዳቦውን መልሶ ሻይ ውስጥ ነከረ።

«አክስቴ?»

«አልወጣም» አልኩ።

«አልወጣም ማለት?» ኩባያዋን አስቀመጠች። «ሁለት ወር ነው ያላችሁኝ። በደብዳቤ ጽፋችሁልኛል። አሁን ዓመት ሊሆነው ነው!»

«ይበላ ነበር እኮ፣ የኔ ልጅ። ጥሩ አድርጎ ይበላ ነበር።»

«እና ለዚያ ነው የተዋችሁት? ስለበላ?»

«አዎ» አላት አባቷ። «ስለበላሁ።»

ልትቆጣ አፏን ከፍታ ነበር፤ ፊቱን ስታየው ተወችው። ተነስታ ጫማዋን አደረገች። በዚያው ቀን ይዛው ሄደች፤ እኔ ከኋላ እየተከተልኩ።

ዶክተሯ አልጮኸችብንም። ብትጮኽብን ይሻለን ነበር። በካሜራ አየችና ወጥታ ከፊታችን ቆመች። «በላይና በታች ባሉት ጫፎች ሥጋ አድጎበታል። ሽቦውን ውጦታል። ብጎትተው ቧንቧው አብሮ ይቀደዳል።» ከዚያ ምን እንደምታደርግ ነገረችን፦ በአሮጌው ውስጥ አዲስ ሽቦ ታስገባለች፤ አዲሱ ያደገውን ሥጋ ተጭኖ ያሟሽሸዋል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለቱም በአንድ ላይ ይወጣሉ። «በዚህኛው ቀጠሮ ይመጣሉ?» አለችው፤ የምታየው ግን እኔን ነበር።

መጣ። ሁለቱም ወጡ። ብዙ ደም ፈሰሰው፤ ስምንት ቀን ተኛ። ሲወጣ ቧንቧው መጀመሪያ ከነበረው ይበልጥ የጠበበና የረዘመ ነበር።

ኮሪደር ላይ ብቻዋን አግኝቼ ጠየቅኋት። «ዶክተር፣ በሁለት ወሩ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ይድን ነበር?»

«አላውቅም» አለችኝ። «በጊዜው ወጥቶላቸውም የተመለሰባቸው ብዙ ናቸው። ላይጠብ ይችል ነበር። እንዲሁ ሊጠብም ይችል ነበር። ይህን ጉዳት ግን ባላመጣ ነበር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን «አላውቅም» ይዤ እዞራለሁ። «አዎ» ብትለኝ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። «አይ» ብትለኝም ዐርፋለሁ። «አላውቅም» ግን ማስቀመጫ የለውም።

ቀዶ ሕክምና አለ አሉት። ከአንጀቱ ቆርጠው አዲስ የምግብ ቧንቧ ሊሠሩለት። «አንጀቴን አንገቴ ላይ?» አለ። «አይ፣ አንጀቴ እዚያው ባለበት ይረር። ቦታውን ካስቀየሩት ሆዴ ይሁን አንገቴ የሚርበኝ አላውቅም።» ሁለተኛ ጠየቁት፤ እንቢ አለ። ሦስተኛ አልጠየቁትም።

በመጨረሻ ራሱ እንዲያሰፋው አስተማሩት። እንደ ትንሽ ጣት የወፈረ፣ ጫፉ የሾለ፣ ረጅም ላስቲክ ነው። ጠዋት ጠዋት ያጥበዋል፣ ጄል ይቀባዋል፣ ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ አገጩን ወደ ላይ ያነሳል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይውጠዋል። ዕንባው ዱብ ዱብ ይላል። እስከ ሃያ ይቆጥራል በጣቱ። ያወጣዋል። መጀመሪያ አንድ ሰዓት ይፈጅበት ነበር፤ በኋላ ጥርስ የመፋቅ ያህል ቀለለው። «ሰይፍ የሚውጡ ሰዎች ትርኢት ያሳያሉ አሉ» ይለኛል። «እኔን ከነሱ የሚለየኝ አጨብጫቢ ማጣቴ ነው።» በዚህ ላስቲክ ሾርባ፣ ለስላሳ ዳቦ፣ የደቀቀ ድንች ወረደለት። ሥጋ አልተመለሰም። ሥራውም አልተመለሰም፤ ማምረቻው ቤት ተዘግቶ የዕቃ መጋዘን ሆነ፤ ቆራጩም የሞተው ያን ሰሞን ነው።

እንዲህ ሆነን ስድስት ዓመት ያህል ኖርን። እሱ ይበላል፤ እኔ ከፊቱ ተቀምጬ ጉሮሮውን አያለሁ። ማንኪያው ሲነሳ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ሲወርድለት እተነፍሳለሁ። ማድረጌን እንኳን አላውቀውም ነበር። አንድ ቀን ሾርባውን አጋምሶ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«እትዬ፣ ልለምንሽ። ስበላ አትዪኝ።»

«መቼ አየሁህ?»

«እኔ ስበላ አንቺ ነሽ የምትውጪው። ደከመኝ። አንድ ሰው ሆኜ ለሁለት ሰው መዋጥ አልቻልኩም።»

ወደ መስኮቱ ዞሬ ተቀመጥኩ። በማግሥቱም እንደዚያው። ግን ጆሮ አለኝ፤ ማንኪያው ሳህን ሲነካ እሰማለሁ፤ ዝም ሲልም እሰማለሁ። እሱም መስማቴን ያውቃል።

ልጃችን ሩቅ ከተማ ተመድባ ታስተምር ነበር። ና እያለች ስትጽፍለት ቆይታለች። በዚያ ዓመት «እሺ» አላት። ልብሱን አጣጥፌ በሻንጣ ከተትኩለት፤ ላስቲኩንም በንጹሕ ፎጣ ጠቀለልኩለት። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘሁት። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ወደ ታች አየኝ።

«አኩርፌ አይደለም የምሄደው» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«የጨርቁን ነገር ደግሞ ተዪው። ጠርሙሱን ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

«የሽቦውንስ?»

«የሽቦውን አብረን ነው የበላነው» አለ። ሊያስቀኝ ነበር። አውቶቡሱ ተነሳ።

በስልክ እንገናኝ ነበር። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጁ ባል፣ ስለ ጉልበቴ እናወራለን። ምግብን አንነካም፤ ያለ ስምምነት የተስማማንበት ነገር ነው። አንዳንዴ ድምፁ ይወፍራል፣ አንዳንዴ ይቀጥናል፤ ከዚያ ተነስቼ ለራሴ እገምታለሁ።

ባለፈው ወር ከሆስፒታሉ ስልክ መጣ። አዲስ ሐኪም ነው፤ ድምፁ ገና ልጅ። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ጀምሮ ካንሰር ሳይሆን ቧንቧቸው ጠቦ ስቴንት የገባላቸውን ሰዎች አንድ በአንድ እየፈለጉ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ምን ላይ እንደደረሱ ማወቅ ይፈልጋሉ። ሠላሳ አንድ ሰዎች ናቸው፤ እስካሁን ያገኟቸው ዘጠኝ ናቸው።

«ከዘጠኙ ስንቱ ይበላል?» አልኩት።

«ሁለቱ ያለ ምንም እርዳታ ይበላሉ፣ እማማ። የቀሩት እንደ ወንድምዎ እያሰፉ ነው፤ ቀዶ ሕክምና ያደረጉም አሉ።» ወረቀት ሲገልጥ ተሰማኝ። «የእሳቸው ፋይል ላይ ‹በቀጠሮው አልመጣም› ይላል። ለምን እንደሆነ ያስታውሳሉ?»

«እኔ ነኝ ያስቀረሁት። ስትደውሉ የዋሸሁትም እኔ ነኝ። እንደዚያ ብለህ ጻፈው።»

ወረቀቱን መልሶ ገለጠ። «እንደሱ ተብሎ የሚጻፍበት ቦታ የለውም፣ እማማ። ‹መጣ› እና ‹አልመጣም› ብቻ ነው ያለው።»

«እሺ» አልኩት። «እንግዲያው አልመጣም።»

ከዚያ አሁን የት እንደሚገኝ ጠየቀኝ፤ የማውቀውን ነገርኩት። ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገርኩት ከስምንት ወር በፊት ነው። ልጁና ባሏ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውረው፣ እሱም አብሯቸው ሄዶ፣ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ጀርባ በመምህራን ቤቶች መሃል፣ ከዳር ሁለተኛው ቤት ውስጥ ለብቻው አንዲት ክፍል ይዞ ይኖር ነበር። ከዚያ በኋላ የእሱም የልጃችንም ቁጥር አይሠራም።